ክላየንቴ እየሳቀች ነገረችኝ፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ

ጀማሪዋ (ጅማ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሥራ ከጀመርኩ ሰባተኛ ወር ላይ ነኝ። መርካቶ አካባቢ (የጅማውን መርካቶ ነው የምላችሁ) አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን ከጓደኛዬ ጋር የሥነ ልቦና ምክር እንሰጣለን። ከታች ማር ይሸጣል። ከጎናችን ልብስ ሰፊ አለ። ሲንጀሩ ሲነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ክላየንት ሲኖረኝ ሄጄ እለምነዋለሁ። ልጁ ደግ ነው፣ "በቃ ቁልፍ እተክላለሁ" ይለኛል።

ማንነቷ እንዳይታወቅ የቀያየርኩት ነገር አለ። ወጣት ናት። አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ሦስት ዓመት ቆይታ ተመልሳለች። ይዛት የመጣችው አክስቷ ናት፤ "አትተኛም፣ ሌሊት ተነስታ ወጥ ቤት ትጠርጋለች" ብላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ አክስቷ ልጆች ነበር ያወራነው። በሦስተኛው ቀን ሳልጠይቃት ራሷ ጀመረች። ማዳሟ ያደረገቻትን። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም። የጋለ ካውያ አለበት፤ እሱ ይበቃል።

እና እየነገረችኝ ትስቃለች። ፈገግታ አይደለም። አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ። "ሸሚዙ ላይ ያሳረፈችው መስሎኝ፣ ለካ እጄ ላይ ነው!" ትልና ትንከተከታለች። አነጋገሯ የሰፈር ቀልድ የምታወራ ነው የሚመስለው። ሰዓቱን ጠብቃ፣ ድምጿን ቀይራ፣ ማዳሟን እያስመሰለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ። አስቤበት አይደለም፤ ሳቅ ሲጋባባችሁ እንደሚሆነው ነው።

ወዲያው ዝም አለች። አየችኝ። ሻሿን አስተካከለች። "እንግዲህ አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ" ብላ ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ጀመረች። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረን ተነስታ ሄደች። በሳምንቱ አልመጣችም። አክስቷ ጋ ስደውል "ገጠር እናቷ ጋ ወረደች፣ ቡና ለቀማ ደርሶ" አለችኝ።

እኛ የተማርነው ስለሚያለቅስ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ሮል ፕሌይ (አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ክላየንት ሆኖ) ስንሠራ ሁላችንም እናለቅስ ነበር። ሶፍት አቀብሎ ዝም ማለትን ችለንበታል። ለሚስቅ ሰው ምን ላቀብል?

ጥያቄዬ ይኸው፦ ምንም አይሰማትም ማለት ነው? ወይስ ተሰምቷት ነው የምትስቀው? ከተመለሰች ምን ልበላት? ካልተመለሰችስ እኔ ነኝ ያባረርኳት?

---

ቀጥተኛው፦

አትቀየሚኝ እህቴ። በካውያ የተቃጠለ ሰው ይስቃል? እኔ እንኳን ካውያ፣ የሻይ ብርጭቆ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ሳምንት ሙሉ ነው የማማርረው። አጋንና ነግራሽ ቢሆንስ? ከአረብ አገር የሚመጣ ወሬ ብዙ ነው። ጠባሳውን አይተሻል?

---

ሲስተር (ጅማ)፦

ቀጥተኛው፣ አንተ ላይ ጊዜ አላጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፦ እንባን የእውነት ማኅተም ያደረግነው እኛ ነን። ስንቱ ፍርድ ቤትም ሰፈርም "አላለቀሰችም እኮ" ተብሎ ሳይታመን ቀርቷል። አማካሪ መርማሪ ፖሊስ አይደለችም። ጠባሳ አሳዪኝ አትልም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። "ጥርስ ባዳ ነው" ሲባል ሰምተሽ የለ? ተረቱን ያወጣው ሰው ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ነው። ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ካርታ ሲወጣ፣ የሟችን ቀልድ አንስተው ሲሳሳቁ፣ ሐዘኑ አልቆ ነው ትያለሽ? ያችው ስትስቅ የነበረች ሴትዮ አዲስ ለቀስተኛ በር ላይ ሲደርስ እንዴት ብላ እንደምትጮህ አይተሻል።

ሰውነት ሲጨንቀው መውጫ ይፈልጋል። አንዳንዱን በእንባ፣ አንዳንዱን በቁጣ፣ አንዳንዱን በሳቅ ያወጣዋል። አንዳንዱ ጭራሽ ይደነዝዝና የራሱን ታሪክ እንደ ሬዲዮ ዜና ያነብልሻል። ጀበና ሲገነፍል አይተሽ የለም? ውስጡ ስለፈላ ነው የሚገነፍለው። ከእሳቱ ታወርጂዋለሽ እንጂ ቡናውን አትደፊውም።

ስታንሊ ሚልግራም የሚባለውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ ታውቂዋለሽ፣ ተምረሽዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን "በሌላ ክፍል ያለውን ሰው በኤሌክትሪክ ንዘሩት" እያለ ያዛቸዋል። ንዝረቱ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። ከ40ው ሰው 14ቱ በጭንቀት ይስቁና ይፈግጉ ነበር። ሦስቱማ ሳቁ ይዟቸው መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ኋላ ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው እንዳልሳቁ ለማስረዳት ሲደክሙ ነበር። እነሱን ያሳቀ ጭንቀት የአንቺን ልጅ ለምን አያስቃትም?

አንድ አባት አይቻለሁ፣ ዓመቱን አልነግርሽም። ልጁን እንዴት እንደቀበረ ይነግረኛል። ሁሉንም ነገር በደንብ፣ በእርጋታ ነው የሚያወራው። "ሳጥን" የምትል ቃል ላይ ሲደርስ ብቻ ይስቃል። ሦስት ጊዜ ጠቀሳት፣ ሦስቴም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳቁን አልሰማም፣ ሳቁ የሚመጣበትን ቦታ ነው የምሰማው። ያንቺ ልጅ የት ላይ ሳቀች? "ለካ እጄ ላይ ነው" ላይ። አየሽ? ራስሽ ጽፈሽዋል።

ግን ደግሞ ሁሉንም ነገር ትራውማ (የአእምሮ ቁስል) አታድርጊው። እዚህ ጅማ ስለሆንን አንደኛ የምጠይቀው ጫት ነው። በርጫ ላይ ቆይቶ በምርቃና የመጣ ሰው ተጫዋች ነው፣ ታሪኩም ይጥመዋል። ከምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆንብሻል። ሳታሳፍሪ "ዛሬ ቅመሻል? ስንት ሰዓት ላይ?" በያት። ሁለተኛ፣ ሳቁ ከምታወራው ጋር ምንም የማይገናኝ ከሆነ፣ ብቻዋን ሆናም የምትስቅ ከሆነ፣ ድምፅ የምትሰማ ከመሰለሽ፣ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ላኪያት። ሦስተኛ፣ ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ጉዳት የነበረበት ሰው ሳቅና ለቅሶ ሳይፈልግ ሊያመልጠው ይችላል። ያ ስሜት ሳይሆን የነርቭ ችግር ነው። ጭንቅላቷን ተመትታ እንደሆነ ጠይቂ። በዚያ ቤት የተደረገባት ካውያ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከተመለሰች "ለምን ትስቂያለሽ?" እንዳትያት። ያ ጥያቄ በአማርኛ ሲባል ተግሣጽ ነው፤ አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ድምፅሽን ዝቅ፣ ፍጥነትሽን ቀነስ አድርጊ። "ይሄ ቦታ ላይ ስትደርሺ ሳቅ ይመጣል" ብለሽ ተዪው። አስተያየት አትጨምሪበት። ከፈለገች ትገባበታለች፣ ካልፈለገች ታልፈዋለች። ሲበዛባት ብርጭቆ ውሃ እጇ ላይ አስይዢያት፣ እግሯን መሬት ላይ ታሳርፍ፣ በመስኮት የሚታየውን ጠይቂያት። ማዛጋትም ቢመጣ አትደንግጪ። ሰለቸኋት ብለሽም አትቀየሚ። በእኔ ልምድ ከባድ ነገር አውርቶ ሰውነቱ መላላት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ያዛጋል።

ደግሞም ሦስተኛው ቀን ነው ያልሽው። ጁዲት ኸርማን የምትባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ከትራውማ የማገገሙን ሂደት በሦስት ስትከፍለው መጀመሪያ ያደረገችው ደኅንነትን ነው፤ ታሪኩ ሁለተኛ ነው። ቀድማ ከጀመረች ማስቆም ነውር አይደለም። "ይሄን ልሰማሽ እፈልጋለሁ፣ ቀስ እያልን" ይባላል።

ስለ ሳቅሽ፦ በሥራሽ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። እኔ ያመለጠኝ ከሳቅ የባሰ ነበር፣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።

---

የአጋሮ ልጅ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ከወንበሩ ማዶ የተቀመጥኩ ነኝ። ሲስተር ያለችውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከአዲስ አበባ ስመጣ የግቤ ቁልቁለት ላይ የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ ተገለበጠ። እኔ ትከሻዬና ሁለት የጎን አጥንቴ ነው። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የምነግረው ታሪክ ነበረኝ፤ ስለ ሙዙ። አንድ ነጋዴ ሙዝ ጭኖ ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ሙዙ ገደሉ ላይ ተበተነ። እኔ ተጋድሜ፣ ከላይ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ሰውዬ "ስንት ነው ኪሎው?" ሲል ሰማሁ። እሱን ሳወራ በሳቅ ነበር የምሞተው። ቡና ቤት ውስጥ አስር ጊዜ አስወርተውኛል። "ያንን የሙዙን ንገራቸው እስቲ" ይሉኛል።

ሌላ ከተማ አንድ አማካሪ ጋ ሄድኩ። የሙዙን ነገርኩት። ሰዓቱን አየና "ይሄ ለምን ያስቅሃል?" አለኝ። አፍሬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ማንም ጋ አልሄድኩም።

ሁለተኛዋ ጋ ስሄድም ያንኑ ነው ያወራሁት። አልሳቀችም፣ አልተኮሳተረችም። "ሙዙ ጋ ስትደርስ ግራ እጅህን ጨበጥከው" አለችኝ። ሳየው እውነትም ጨብጬዋለሁ። ጥፍሬ መዳፌ ላይ ምልክት አውጥቷል። በግራ በኩል አጠገቤ አንዲት ሕፃን እናቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ከወልቂጤ ጀምሮ አንድ ሙዝ ይዛ፣ ልጠው ሰጥተዋት፣ አልበላም ብላ ስታሻሸው ነበር። ስለ እሷ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጀማሪዋ፣ ቀልዱ ውሸት አይደለም። ሰውዬው እውነትም ኪሎው ስንት ነው ብሏል። ግን እሱን የማወራው ሌላውን ላለማውራት ነበር።

---

ቀጥተኛው፦

ወንድሜ ይቅርታ። ጀማሪዋንም ይቅርታ። አፌን ሰበሰብኩ።

---

አንባቢ (አዲስ አበባ)፦

ሲስተር ጨርሳዋለች። እኔ ሁለት ነገር ላክልና ልሂድ።

ሁሉም ሳቅ አንድ ዓይነት አይደለም። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓይን ድረስ የሚደርሰውንና አፍ ላይ የሚቀረውን ፈገግታ ለይቶ አሳይቷል። እኛ "ከአንገት በላይ" የምንለው ሁለተኛው ነው። ኬልትነርና ቦናኖ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን ሰዎች አነጋግረው፣ ስለ ሟቹ ሲያወሩ ከልብ የሚስቁት ሐዘኑን ሻል ባለ ሁኔታ እንደያዙት አይተዋል። በ2002 ደግሞ ቦናኖና ባልደረቦቹ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸውን አጠኑ። የደረሰባቸውን ሳይናገሩ የቀሩት ላይ የሐፍረት ገጽታና ከአንገት በላይ የሆነው ፈገግታ በርከት ብሎ ታየ። ስለዚህ "ሳቅ ጥሩ ነው" ወይም "ሳቅ መሸሽ ነው" ብሎ መደምደም አይቻልም። ዓይኗን እዪ ነው ነገሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በምን ቋንቋ ነው የነገረችሽ? ገጠር እናቷ ጋ ወረደች ስላልሽ ነው። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ከሆነና ለአንቺ በአማርኛ ከነገረችሽ፣ ቋንቋው ራሱ አንድ ግድግዳ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚነገር ነገር ለብዙ ሰው ቀዝቀዝ ይላል። መጥፎ አይደለም፣ አንዳንዴ ለመናገር የሚያስችለው እሱ ነው። ግን ስሜቷን ከዚህ ተነስተሽ ከለካሽ ትሳሳቻለሽ።

---

ጀማሪዋ (ጅማ)፦

አምስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ተመልሳለች።

ሐሙስ ነው የመጣችው። ገበያ ስለሆነ። "ገበያ ሄደች" ሲባል ማንም ምን ልትሠራ ነው አይልም፣ እኔ ጋ መምጣቷን ደግሞ ከአክስቷ ሌላ የሚያውቅ የለም። በፌስታል እሸት ቡና ይዛልኝ መጣች፣ ከእናቷ ጓሮ። ስጦታ መቀበል እንዴት ነው የሚለውን ሌላ ቀን እጠይቃችኋለሁ፤ ተቀበልኩ።

ሳትቀመጥ ነው ያልኳት። "ባለፈው ስትነግሪኝ ሳቄ አምልጦኝ ነበር። አላሳቀኝም ነገሩ። ይቅርታ።" ሲስተር፣ እጄን ላብ አጥምቆት ነበር። እሷ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? "እኔ እኮ ጎበዝ ነሽ ብዬ ነበር፣ ከሳቅሽ አይከብድሽም ብዬ። ከዚያ ፊትሽ ሲለወጥ አስጨነቅኳት ብዬ ሄድኩ።" እኔ አባረርኳት እያልኩ ስንገበገብ፣ እሷ እኔን ላለማስጨነቅ ነው የጠፋችው።

ስለ ጫት ጠየቅኳት፣ አትቅምም። ጭንቅላቷን ተመትታ እንደሆነም ጠየቅኳት። ሁለቴ ተመትታለች። ለምርመራ ልኬያታለሁ፣ ደኅና ነው ተብሏል። ይሄን ሳልጠይቅ ቀርቼ እንደነበር ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሲስተር ያለችውን አልኩ። "እጅሽ ጋ ስትደርሺ ሳቅ ይመጣል" ብዬ ዝም። ረጅም ዝምታ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎን ቁልፍ እየተከለ ይሁን እንጃ፣ ምንም አይሰማም።

ስልኩን ነገረችኝ። እዚያ ቤት በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ፣ ለእናቷ እንድትደውል ይፈቀድላት ነበር። በቪዲዮ። ማዳሟ አጠገቧ ቆማ ነው። ኦሮምኛ ባትሰማም ፊት ታያለች። ካለቀሰች ስልኩ ለወር ይወሰዳል። እናቷ ደግሞ ወዲያ ማዶ ጎረቤት ሁሉ ሰብስባ "ልጄ ደኅና ናት?" ትላለች። ስለዚህ እየሳቀች ነበር የምትነግራት። የሆነውን አልደበቀችም እኮ! "ሃርሜ፣ ዛሬ ደግሞ እጄን ተኮሰችኝ" ትላለች እየሳቀች። እናትየዋ ቀልድ ይመስላታል፣ እሷም ትስቃለች። ጎረቤቶቹም ይስቃሉ። ማዳሟም ደስ ብሏት ነው ብላ ትፈግጋለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የተናገረችው። ሌላ አነጋገር የላትም ለዚህ ታሪክ።

እኔም እንግዲህ አራተኛ ሆኜ ነበር የሳቅኩላት።

ለአንባቢ፦ አዎ፣ በአማርኛ ነበር። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ሽንኩርት እገዛበታለሁ። ነግሬያታለሁ። "በፈለግሽው አውሪ፣ ያልገባኝን እጠይቅሻለሁ፣ ካልሆነም በደንብ የሚችል ሰው እፈልግልሻለሁ" አልኳት። ሌላ ሰው አልፈልግም አለች። ከዚያ ጥቂት ብቻ በኦሮምኛ ተናገረች። ግማሹ አልገባኝም። እጇን በሌላኛው እጇ ይዛ ነበር የምታወራው። አልሳቀችም። አላለቀሰችም።

ሲስተር፣ አዛጋች። ስድስት ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።

---

ሲስተር (ጅማ)፦

ምን አደረግሽ?

---

ጀማሪዋ (ጅማ)፦

ምንም። ውሃ ቀዳሁላት። ጠጣች። ከዚያ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት፣ ለአክስቷ ማር መግዛት ትሻ ነበር፣ ታች ሱቁ ውስጥ ከሻጩ ጋር ዋጋ ስትከራከር ሰማኋት። ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች።

---

ሲስተር (ጅማ)፦

ቡናውን ሳይሻግት አስጪው። ፌስታል ውስጥ አይቆይም።